አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ
ለጸጉሩ ሲባል ባሕር የተሻገረው የውሃ አይጥ ታሪክ



ማኅበራችን ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ከማላኪያ ነጋዴዎችም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በጠየቀው መሠረት እኛም የድርሻችንን ይዘን ቀርበናል። ስለ አድዋ ድልና ስለ አክሱም ሐውልት ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ስለ ስደት ኑሮም በሌሎቹ ገጾች በስፋት ይነበባል። እኛ ነጋዴዎች ነን። የምናውቀው ዕቃ ነው፤ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት እንደሚገባ፣ በስንት እንደሚወጣ፣ ሳይሸጥ ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚደረግ ነው። ስለዚህ የዕቃ ታሪክ ብንጽፍ ይሻላል ብለን አንድ ለየት ያለ ዕቃ መርጠናል። ለየት የሚያደርገውም ነፍስ ያለው መሆኑ ነው።

ዕቃው ኑትሪያ የሚባል፣ ከአይጥ ወገን የሆነ ትልቅ የውሃ እንስሳ ነው። ለጸጉሩ ሲባል ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ አውሮፓን፣ ሰሜን አሜሪካንና ጎረቤታችንን ኬንያን አዳርሷል። ገበያው ሲወድቅ ነጋዴው ወደ ሌላ ሥራ ዞረ፤ እንስሳው ግን በመጣበት አገር ቀረ። በሰው አገር ሱቅ ከፍቶ ለሚኖር ሁሉ ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለ ብለን እናምናለን። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

እንስሳው ምን ዓይነት ነው?

የኑትሪያ የትውልድ አገሩ አርጀንቲና፣ ቺሊ፣ ኡራጓይ፣ ፓራጓይ፣ ቦሊቪያና ደቡብ ብራዚል ነው። የአገሬው ሰዎች ኮይፑ ይሉታል። ኑትሪያ የሚለውን ስም ያወጡለት ስፓኞች ናቸው፤ በቋንቋቸው ቃሉ ኦተር የተባለው ዓሣ በሊ የውሃ እንስሳ መጠሪያ ነው። በወንዝ ዳር ሲዋኝ አይተው ያንን መስሏቸው ይሆናል፤ ኑትሪያ ግን ዋና ምግቡ ሣርና ሥር ነው።

ሲያድግ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ከድመት ይበልጣል ማለት ነው። ጅራቱ እንደ አይጥ ክብና ረጅም ሲሆን፣ የፊት ጥርሶቹ ደማቅ ብርቱካናማ ናቸው። የኋላ እግሮቹ ጣቶች እንደ ዳክዬ እግር በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። የሴቷ ጡቶች ከሆዷ ሥር ሳይሆን ወደ ጀርባዋ ጠጋ ብለው በጎኗ በኩል ስለሚገኙ ልጆቿ እናታቸው ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ መጥባት ይችላሉ። የፈጣሪ ሥራ የሚደንቅ ነው።

ነጋዴ የፈለገው ጸጉሩን ነው። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር ደግሞ አጭር፣ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ውሃ ወደ ቆዳው እንዳይዘልቅ ይከላከላል። የላዩ ሲነጭ የሥሩ እንደ ሐር የሚለሰልስ ለምድ ይሆናል።

ሁለት ነገሮችን አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። አንደኛው መዋለዱ ነው። ሴቷ 130 ቀን ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ትወልዳለች፤ ልጆቹም ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሁለተኛው መብላቱ ነው። በቀን ከራሱ ክብደት ሩብ የሚያህል ተክል ይበላል፤ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አፈሩን አቅፎ የያዘውን ሥር ጭምር ይነቅላል። ለአርቢው እነዚህ ሁለቱ የትርፍ ምንጭ መስለው ነበር። ቶሎ የሚራባ፣ መኖውም ርካሽ የሆነ ከብት ማን ይጠላል?

የባርኔጣ ዘመን

የኑትሪያ ታሪክ ከእርሱ በፊት ከነበረው ከቢቨር ታሪክ ይጀምራል። ቢቨርም ትልቅ የውሃ አይጥ ነው፤ በጥርሱ ዛፍ እየጣለ ወንዝ የሚገድብ፣ ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ የሆነ እንስሳ ነው። የሥሩ ጸጉር እርስ በርሱ ተቆላልፎ ስለሚጠብቅ፣ ዝናብ የማያበላሸው ባርኔጣ ይሠራበት ነበር። በአውሮፓ የትልቅ ሰው ምልክት የቢቨር ባርኔጣ በሆነበት ዘመን የአውሮፓው ቢቨር ታድኖ ሊያልቅ ደረሰ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በአውሮፓና በእስያ የቀረው 1,200 ያህል ብቻ እንደነበር ይገመታል።

ነጋዴዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አሜሪካ አዞሩ። በ1670 የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ሃድሰን ቤይ ለተባለ ኩባንያ በዛሬዋ ካናዳ ሰፊ ምድር ላይ የንግድ መብት ሰጠ። በዚያ አገር ገንዘብ ስላልነበረ የዋጋ መለኪያ የሆነው አንድ ጥሩ የቢቨር ለምድ ነበር። ጠመንጃው ይህን ያህል ለምድ፣ ብርድ ልብሱ ይህን ያህል ለምድ፣ ቢላዋው በአንድ ለምድ ይህን ያህል እየተባለ በየንግድ ጣቢያው ይተመን ነበር። ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም አገር ከአፋር ምድረ በዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው ለብዙ ዘመን ገንዘብ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ልዩነቱ ጨው የማይወልድና የማይሞት መሆኑ ነው።

በቶሮንቶና በሌሎች የካናዳ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ኪሳቸውን ቢፈትሹ ቢቨርን ያገኙታል። ከ1937 ጀምሮ በካናዳ አምስት ሳንቲም ላይ የተቀረጸው እርሱ ነው። ኩባንያው ግን 355 ዓመት ነግዶ በ2025 ከስሮ መደብሮቹን ዘግቷል። እንስሳው ዛሬም አለ፤ ኩባንያው የለም።

ቢቨር እያለቀ ዋጋውም እየናረ ሲሄድ ባርኔጣ ሠሪዎች ምትክ መፈለጋቸው አልቀረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኑትሪያ ለምድ ከቦነስ አይረስ በመርከብ እየተጫነ ወደ አውሮፓ ይሄድ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ዕቃ ሲወደድ ተመሳሳዩን ማምጣት የነጋዴ ልማድ ነውና በዚህ የሚፈረድ የለም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለምዱን ከማምጣት እንስሳውን ራሱን ወደ ማምጣት ሲታለፍ ነው።

ከለምድ ወደ እርባታ

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሴቶች የጸጉር ካፖርት ፋሽን ሆነ። ያን ጊዜ ኑትሪያን ከነነፍሱ በሣጥን ጭኖ በየአገሩ ማርባት እንደ ትልቅ የሀብት መንገድ ይታይ ጀመር። ሁለት ጥንድ ገዝተህ በጥቂት ዓመት ውስጥ መቶ ታደርጋለህ ይባል ነበር። ነገር ግን ኑትሪያ ቆፋሪ ነው፤ ዋናተኛም ነው። አጥሩ ትንሽ ከላላ ይወጣል። ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ መኖ ማብላት ኪሳራ ስለሚሆን በሩን ከፍተው የለቀቁት አርቢዎችም ነበሩ።

እንግሊዝ ኑትሪያን ያስገባችው በ1929 ነው። ከእርባታው ያመለጡት በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጎች ተራብተው የወንዝ ዳር ግድቡን ቦረቦሩት፤ የገበሬውንም ስኳር ድንች መሰል የስኳር ሥር ማሳ በሉበት። በመጨረሻ መንግሥት በ1981 ጨርሶ የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። እዚህ ላይ ነጋዴን የሚያስደንቅ አንድ ብልሃት አለ። ወጥመድ የሚያጠምዱት ሠራተኞች እንስሳው ካለቀ ሥራቸውም ያልቃል፤ ታዲያ ለምን ይጨርሱታል? ይህን የተረዱት ኃላፊዎች፣ እንስሳው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ ከጠፋ እስከ ሦስት ዓመት ደመወዝ የሚደርስ ጉርሻ እንደሚከፈላቸው ቃል ገቡላቸው። በ1989 ዘመቻው በድል ተጠናቀቀ። ለማስገባት ጥቂት ሣጥን የበቃውን ለማስወጣት ይህን ያህል ዘመንና ገንዘብ ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ኑትሪያን ማስገባት፣ ማርባትና መሸጥ የሚከለክል ደንብ ውስጥ አካትቶታል።

በአሜሪካ

በአሜሪካ ከሁሉ የተጎዳችው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው ሉዊዚያና ናት። እዚያ ኑትሪያ የገባው በ1930ዎቹ ነው። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው የታባስኮ በርበሬ ማባያ አምራች በነበሩት በኤድዋርድ ማኪሊኒ ላይ ነበር። በኋላ ግን የድርጅቱ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ የድሮ መዝገቦችን መርምሮ፣ ማኪሊኒ በ1938 እንስሳቱን የገዙት እዚያው ሉዊዚያና ውስጥ ከነበረ ሌላ እርባታ መሆኑን አረጋገጠ። እርሳቸውም የለቀቁት አለ፤ የመጀመሪያው ግን አልነበሩም። እንግዲህ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ይኸው ነው። የብዙ ነጋዴዎች ሥራ በአንድ ሰው ስም ሲነገር ኖረ፤ ሌሎቹ ግን ስማቸው ሳይነሣ ቀረ።

ገበያው ጥሩ በነበረበት ጊዜ ግን ማንም ቅር አላለውም። በ1976 የአደን ወቅት በሉዊዚያና 1.8 ሚሊዮን የሚደርስ የኑትሪያ ለምድ ተሰብስቧል። አዳኙ በየዓመቱ ስለሚቀንሰው ረግረጉም ይተነፍስ ነበር። በ1980ዎቹ የለምድ ገበያ ሲወድቅ አዳኙ ወጥመዱን ሰቀለ፤ እንስሳው ግን መውለዱን አላቆመም። ረግረጉን አቅፎ የያዘው ሥር እየተበላ አፈሩ ወደ ባሕር ተንሸራተተ። በ2002 መንግሥት አንድ የኑትሪያ ጅራት ይዞ ለመጣ 4 ዶላር መክፈል ጀመረ፤ በ2006 ወደ 5፣ በ2019 ደግሞ ወደ 6 ዶላር ከፍ አደረገው። ልብ በሉ፤ ቀድሞ ሰው ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣበት ዕቃ፣ አሁን ለማስወገድ ገንዘብ የሚወጣበት ሆነ። በንግድ ዓለም ከዚህ የባሰ ኪሳራ የለም። ኪሳራውን የከፈለውም ያመጣው ነጋዴ ሳይሆን ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ግዛትም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ኑትሪያ ለጸጉሩ ተብሎ ወደዚያ የገባው በ1943 ሲሆን፣ ብላክዋተር በተባለው የዱር እንስሳት መጠለያ ብቻ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ ወደ ባዶ ውሃ እንዲለወጥ ምክንያት ሆኗል። በ2002 በተጀመረው ዘመቻ ባለሙያዎች በጀልባ፣ በወጥመድና ሽታ በሚከተሉ ውሾች እየታገዙ 14,000 ያህል አስወገዱ። የመጨረሻው የታየው በ2015 ነው፤ ቢሆንም ሰባት ዓመት ሙሉ ሲፈትሹ ቆይተው ጠፍቷል ብለው ያወጁት በ2022 ነው። ሃያ ዓመት የፈጀ ሥራ ማለት ነው።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ታሪክ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። በማላኪያ ሱቆቻችን የምንደረድረው ዕቃ አብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፣ በኬንያና በኡጋንዳ አቋርጦ፣ በኒሙሌ በኩል የሚገባ ነው። ያ መንገድ ከናይሮቢ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሲያቀና በናይቫሻ ከተማ በኩል ያልፋል። የናይቫሻ ሐይቅ ከእኛ ዝዋይና ከእኛ ሐዋሳ ጋር በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ፣ ውሃው ጨው ያልሆነ፣ ዳሩ በደንገል የተከበበ ሐይቅ ነው።

ኑትሪያ ወደ ኬንያ የገባው በ1950 ለለምድ እርባታ ነው። እንደ ሌላው አገር ሁሉ እዚያም አምልጦ በ1960ዎቹ አጋማሽ ናይቫሻ ሐይቅ ደረሰ። በ1970 ደግሞ ለምግብና ለንግድ ተብሎ ክሬይፊሽ የሚባል፣ ሸርጣን የሚመስል ቀይ የውሃ እንስሳ ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። በ1970ዎቹ ሐይቁን ሸፍኖ የነበረው የውሃ አበባ እየመነመነ ጠፋ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ኑትሪያን፣ ሌሎቹ ክሬይፊሹን ተጠያቂ አድርገዋል። ኑትሪያ በኋላ በዚያ ሐይቅ ተመናመነ። ክሬይፊሹ ግን ሰፍኖ ቀረ።

አንድ ዕድል እንበለው፤ ናይቫሻ በገሃድ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውሃው ወደ ነጭ አባይ አይደርስም። ከጁባ ወደ ሰሜን ስንወርድ ያለውን ሱድ የተባለውን ታላቅ ረግረግ እናስብ። ማለቂያ የሌለው ደንገል ነው፤ ዲንቃው፣ ኑዌሩና ሽሉኩ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት ነው። ሥር ነቅሎ የሚበላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወልድ እንግዳ እንስሳ እዚያ ቢለቀቅ በጀልባና በውሻ ማን ይፈልገዋል? ጉርሻውንስ ማን ይከፍላል?

ነጭ አባይ ያመለጠውና ያላመለጠው

ነጭ አባይ ሌላ እንግዳ ግን አላመለጠም። እምቦጭ ልክ እንደ ኑትሪያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ኑትሪያን የወሰደው ለጸጉሩ ሲል ነው፤ እምቦጭን የወሰደው ለአበባው ውበት ሲል ነው። በ1958 በነጭ አባይ ላይ መታየቱ ተመዘገበ፤ ከዚያም ከጁባ ጀምሮ ከካርቱም በላይ እስካለው እስከ ጀበል አውልያ ግድብ ድረስ በውሃው ላይ ተሰራጨ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ነጭ አባይ ደግሞ እምቦጭ ይዞ ይዞራል። በአገራችንም በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታይቶ ነበር፤ በ2011 ጣና ላይ ሲታይ ነው ሁላችንም የደነገጥነው። ገበሬው በባዶ እጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል በቴሌቪዥን ያላየ የለም። በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ የሆኑ 100 እንግዳ ዝርያዎች ተብሎ በባለሙያዎች በወጣው ዝርዝር ውስጥ ኑትሪያም እምቦጭም ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ የጁባ ልጅም አለ ብንል አንባቢ ይገረም ይሆናል። ናይል ፐርች የተባለው፣ በጁባ ገበያ ለጥብስም ለወጥም የምንገዛው ትልቁ የአባይ ዓሣ ነው። እዚህ በገዛ ወንዙ ለማንም ጠላት አይደለም። በ1950ዎቹ ግን ለዓሣ ንግድ ሲባል ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ተጨመረና በመቶ የሚቆጠሩ የሐይቁን ትናንሽ ዓሦች ለጥፋት ዳርጓል። እንግዲህ እንስሳ በተፈጥሮው ክፉ የለም። ክፉ የሚሆነው በልክ የሚያኖሩት ነገሮች ወደሌሉበት ቦታ ሲወሰድ ነው፤ የሚወስደው ደግሞ ሰው ነው።

የእኛው ጥርኝና የእኛው የውሃ አይጥ

አገራችንም ከእንስሳ የሚገኝ ዕቃ ስትሸጥ ኖራለች። የዝሆን ጥርስ፣ የነብርና የጉሬዛ ቆዳ፣ ከሁሉም በላይ ዝባድ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ጥርኝ ከጫካ ተይዞ በጠባብ ጎጆ እየተቀለበ ዝባዱ ይጨለፍና በከብት ቀንድ ታሽጎ ለሽቶ ሠሪዎች ይሄድ ነበር። ለእንስሳው ይህ መልካም ኑሮ ነበር አንልም። ነገር ግን ጥርኝ የራሱ አገር ጥርኝ ነው፤ ገበያው ቀዝቅዞ ቢለቀቅ የሚመለሰው ወደ ገዛ ጫካው ነው። ማንንም አያፈናቅልም።

ስለ ውሃ አይጥ ካነሣን ደግሞ የራሳችን እንዳለን መናገር ተገቢ ነው። በ1926 እና በ1927 ከቺካጎ ፊልድ ሙዚየም የተላኩ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያን ዞረው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ዊልፍሬድ ኦስጉድ በጎጃም፣ ግልገል አባይ ከሚመነጭበት አካባቢ የተያዘች አንዲት የውሃ አይጥ ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ በ1928 ደግሞ አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጸው ከአባይ ስም ጋር የተያያዘ የሳይንስ ስም አወጡላት። ትንሽ ናት፤ ጸጉሯ ግን እንደ ትልልቆቹ ወገኖቿ ጥቅጥቅ ያለና ውሃ የማያስገባ ነው። ከዚያች አንዷ በቀር ሌላ አልተገኘችም። በኋላ የተደረገው ፍለጋ አላስገኛትም፤ ዳርቻው ታርሷል፣ በከብትም ተግጧል። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች በሙዚየሙ ካለው የራስ ቅል ላይ የደረቀ ሥጋ ወስደው ዘሯን ሲመረምሩ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ጅረቶች ከሚኖሩት የውሃ አይጦች ጋር እኅትማማች መሆኗን አረጋግጠዋል።

ነገሩን አስተያይተን እናስብ። ዋጋ የተቆረጠለት የሰው አገር አይጥ በመርከብ እየተጫነ በሚሊዮን ሲራባ፣ ዋጋ ያልወጣለት የገዛ አገራችን አይጥ ማንም ሳያውቀው ከምንጩ ዳር ጠፋ። ገበያ የሚያየው ዋጋ ያለውን ብቻ ነው። ዋጋ የሌለውን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል?

ማላኪያ የሚለው ስም በሱዳን ከተሞች ውስጥ ወታደር ያልሆነው ሕዝብ የሚኖርበትን ሰፈር ለማመልከት ያገለግል የነበረ ነው። የከተማ ሰው ሰፈር ማለት ነው። በዚህች ከተማ ከእኛ በፊት የግሪክና የአረብ ነጋዴዎች ኖረዋል። ከእነርሱም በፊት ከዚሁ ወንዝ ማዶ ጎንዶኮሮ ላይ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይሸጥ ነበር፤ ያ ገበያ ለባለ አገሩ የተወለትን ቁስል ሁሉም ያውቀዋል። ኢትዮጵያውያን በብዛት የመጣነው ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። ሱቅ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፈትን፤ በቦቴ ውሃ አመላለስን። በ2011 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ አብረን ጨፈርን። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ተኩስ ሲከፈት ደግሞ ብዙዎቻችን በኒሙሌም በአውሮፕላንም ወጣን። ገሚሱ ተመለሰ፤ ገሚሱ በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ነው የኑትሪያ ታሪክ የሚነካን። ነጋዴ መውጣት ይችላል። ገበያ ሲበላሽ ሱቁን ዘግቶ፣ ዕቃውን አራግፎ፣ ወደ ካምፓላም ወደ አዲስ አበባም ይሄዳል። ባለ አገሩ ግን መሄጃ የለውም። በእኛ እጅ የገባው ነገር ሁሉ፣ መልካሙም ክፉውም፣ ከእርሱ ጋር ይቀራል። የለምድ ነጋዴዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሕግም አልጣሱም፤ ቀረጣቸውንም ከፍለው ይሆናል። የጎደላቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እኔ ብሄድ ይህ ነገር ምን ይሆናል?»

ስለዚህ የሚከተሉትን በማኅበራችን ስም ለወገኖቻችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ነፍስ ያለው ነገር ስናስገባ፣ የዓሣ ጫጩትም ይሁን የጌጥ ተክል፣ ወፍም ይሁን ጥንቸል፣ የአገሩን የግብርና ባለሥልጣን አስቀድመን እንጠይቅ። «ማንም አልከለከለኝም» ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሁላችንም ከአገር ቤት ዘር ይዘን እንመጣለን። ጌሾውን፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን በግቢያችን እንትከል፤ የአገር ሽታ ነውና አይቀርም። ነገር ግን በግቢያችን ይቅር። በወንዝ ዳርና በኾር ዳር አንትከል፤ የማናውቀውንም ዘር አንበትን።

ሦስተኛ፣ ነፍስ የሌለውም ነገር አንዳንዴ እንደ ኑትሪያ ነው። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ አይወልድም እንጂ አይሞትም። ዝናብ ሲጥል ኾሩን ሞልቶ ወደ አባይ ይወርዳል። የሚሸጠው በሱቅ ስለሆነ ባዶውን መሰብሰብም ከሱቅ ይጀምር።

አራተኛ፣ ለመውጣት የተገደደ ወገን በግቢው ያለውን እንስሳ በሩን ከፍቶ ከመልቀቅ ይልቅ ለጎረቤት አስረክቦ ይሂድ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እንግሊዞች በ1929 በቅጠል ሊያጠፉት ይችሉ የነበረውን እሳት ስልሳ ዓመት ቆይተው በብዙ ገንዘብ አጠፉት። እኛ የምንኖረው ከእነርሱ ባነሰ አቅም፣ ከእነርሱ በሚበልጥ ወንዝ ዳር ነው።

የማኅበራችን ኢዮቤልዩ የሚከበረው በደቡብ ሱዳን ሕዝብ መካከል ነው። ይህ ሕዝብ በጦርነትና በረሃብ መካከል ሆኖም ቦታ ሰጥቶናል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የማላኪያ ሽማግሌዎች ኢትዮጵያውያን ምን አመጡ ተብለው ቢጠየቁ፣ እንጀራ አመጡ፣ ቡና አፈሉ፣ ውሃችንንም ንጹሕ እንደ ሆነ ተዉልን ብለው እንዲመልሱ እንመኛለን።

እግዚአብሔር ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን ይባርክ፤ ለሁላችንም ሰላም ያውርድ። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!